ዳዊት ሲገዙ፦ የኪሱ፣ ግእዝና አማርኛውና የስልኩ

ዘመን ሲከፋ የዳዊት፣ ማለትም የ150ው መዝሙር የጸሎት መጽሐፍ፣ ገዢ ይበዛል። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ካሉት የንዋየ ቅድሳት ሱቆች ብዙ ሰው ይዞ የሚወጣው መዳፍ የማትሞላውን የኪስ ዳዊት ነው። ከሳምንት በኋላ መጽሐፉ ወይ ትራስ ሥር ነው፣ ወይ መኪና ውስጥ። ስንፍና ብቻ አይደለም። ዳዊት ሰውን የሚያጸናው ልብ ቢፈቅድም ባይፈቅድም በሚደርስ የዕለት ድርሻው ነው፤ የተገዛው መጽሐፍ ግን ብዙ ጊዜ ድርሻውን ለማድረስ አይመችም። እዚህ የኪሱን፣ ግእዝና አማርኛውንና የስልኩን የምንመዝነውም በዚሁ ነው።

ድርሻው እንዲህ ነው፦ ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80፣ ሐሙስ ከ81 እስከ 110፣ ዓርብ ከ111 እስከ 130፣ ቅዳሜ ከ131 እስከ 150። እሑድ 15ቱ ጸሎተ ነቢያትና መኃልየ መኃልይ ይደገማሉ። ውዳሴ ማርያም በየዕለቱ የራሱ ክፍል አለው። ዓርብ 20 መዝሙር ብቻ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን 118ኛው ብቻውን 176 ቁጥር ነው። (ሁለት ቁጥር ብቻ ያለው 116ኛውም እዚያው ዓርብ ላይ ነው፤ ትንሽ ያካክሳል።) ሐሙስ ደግሞ ያለ አንዳች የመጽናኛ ቃል የሚያልቀው 87ኛው ይመጣና ጥቂት ገጽ አልፎ 90ኛው፣ «ዘየኀድር በረድኤተ ልዑል» (በልዑል ረድኤት የሚኖር) ይከተላል። 90ኛውን ብቻ ነጥሎ እንደ ክታብ የሚደግም ሰው ብዙ ነው፤ ከ87ኛው ጋር ካልተነበበ ግን ግማሹ ቀርቷል።

ሱቅ ውስጥ ገንዘብ ከመክፈል በፊት 22ኛውን መዝሙር መግለጥ ነው። ትክክለኛው ንባብ «እግዚአብሔር ይሬዕየኒ» በዐይኑ ዕ ነው፤ እንደ እረኛ ይጠብቀኛል ማለት ነው። በአልፋው እ «ይሬእየኒ» ተብሎ ከታተመ «ያየኛል» ሆነ። ይህን የሳተ እትም ንጉሡን ሠ ከእሳቱ ሰ፣ ሐመሩን ሐ ከሀሌታው ሀ መለየቱም ያጠራጥራል፤ «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ደግሞ ሌብነት መሆኑን ልብ ይሏል። ቀጥሎ 118ኛው ጋ መሄድ። በ22 ክፍል፣ በየክፍሉ 8 ቁጥር ሆኖ በላዩ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል እያለ የፊደሉ ስም ሊኖር ይገባል። ስሙ ከሌለ ረጅሙን መዝሙር ከፋፍሎ ለመድገም ማረፊያው ይጠፋል። በመጨረሻም ጀርባውን ማየት፦ ጸሎተ ነቢያት፣ መኃልየ መኃልይ፣ ውዳሴ ማርያምና አንቀጸ ብርሃን (ሌላው የእመቤታችን ምስጋና) አሉ? 150ውን ብቻ ያተሙ አሉ፤ እነሱን የገዛ እሑድ የሚደግመው የለውም።

ጥራዙን መሐል ላይ ከፍቶ ክር መፈለግ ነው። በክር የተሰፋው ዓመታት ይቆያል። በሙጫ ብቻ የተያያዘው በየሳምንቱ እዚያው ገጽ ላይ ስለሚከፈት የሰኞው ክፍል መጀመሪያ ይለቃል። የዕለቱ ስም (ዘሰኑይ፣ ዘሠሉስ…) በገጹ ራስ ላይ ካለ፣ አርእስቱም በቀይ ከሆነ፣ ለጀማሪ ትልቅ እርዳታ ነው።

የኪሱ ዳዊት ጥሩ ነው፣ ግን ዳዊት ለደገመ፣ ማለትም ንባቡን ተምሮ ለጨረሰ ሰው። ፊደሉ ደቃቅ፣ ብዙ ጊዜም ቁጥሩ በግእዝ፣ ንባቡ በግእዝ ብቻ ነው፤ ቃሉን በቃሉ የያዘ አንባቢ ዐይኑን ጣል አድርጎ ያልፋል፣ ሌላው ይሰናከላል። መንገድ ለሚበዛበትና ሆስፒታል ለሚያስታምም የሚተካው የለም። ሰው ቤት እየሠራች ስልኳ በአሠሪዋ እጅ ለሚውልባት በዓረብ አገር ላለች እህትም እንዲሁ።

ለአብዛኛው ገዢ የምንመርጠው መካከለኛ መጠን ያለውን፣ ግእዝና አማርኛ ጎን ለጎን የታተመውን ነው። ከበድ ይላል። ዋናው መጠንቀቂያ የቁጥር አለመግጠም ነው፦ የግእዙ ዳዊት የሰብዓ ሊቃናትን (የጥንቱን የግሪክ ትርጉም) አቆጣጠር ይከተላል፤ የዕብራይስጡን የያዘ አማርኛ ከ10 እስከ 112 ባለው አንድ ቁጥር ይቀድማል። 22 ሲሉት 23፣ 50 ሲሉት 51 ይሆናል። ሁለቱ ዓምዶች አንድ መዝሙር ላይ መሆናቸውን ለማወቅ 9ኛውንና 113ኛውን ገልጦ ማየት ይበቃል፤ ልዩነቱ የሚፈጠረው እዚያ ነው።

የስልኩ መተግበሪያ ፊደል ማጉላት ለሚፈልጉ አረጋውያን መልካም ነው። ድምፅ ያለው ከሆነ የግእዙን ተነሽና ወዳቂ ንባብ (ድምፅ የሚነሣበትንና የሚወድቅበትን) ለመስማትም ይረዳል። ጉዳቱ የታወቀ ነው፤ 12ኛው መዝሙር ላይ «እስከ መቼ» ሲባል የዜና መልእክት ከላይ ይወርዳል፣ ሰውየው ሊሸሸው የፈለገው ዜና ራሱ ማለት ነው። አውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጎ መክፈት ነው መፍትሔው።

ሰው ድርሻውን የሚያቋርጠው አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፦ ሰኞ ያመልጠዋል፣ ማክሰኞ 60 መዝሙር ሊከፍል ይነሣል፣ ረቡዕ ይተወዋል። ያለፈው ዕለት ዕዳ አይከፈልም፤ የዛሬውን መክፈት፣ የሰኞው በሚቀጥለው ሰኞ ይመጣል። 30 ለሚከብደው በቀን አንድ ንጉሥ፣ ማለትም 10 መዝሙር፣ በ15 ቀን 150ውን ያደርሳል፤ በቀን 5 ከሆነ በወር። የትኛው እንደሚስማማ የንስሐ አባትን መጠየቅ ይሻላል፤ እሳቸው የሰጡት መጠን ሰው ለራሱ ከቆረጠው ይልቅ ይጸናል።

ማኅደር (የመጽሐፉ የቆዳ ማንገቻ ከረጢት) ከተገዛ ቆዳው ከመጽሐፉ ጥቂት ሰፋ ይበል፤ ጠባብ ማኅደር የገጹን ጥግ ይበላል። ማንገቻውም ሁለቱም ጫፍ ላይ በደንብ መሰፋቱን ሳብ አድርጎ ማየት ነው።