ሴራሚክ ላይ የቀረ የቪቴ ቀዳዳ፦ ነጭ ሲሚንቶ፣ ሲሊኮን ወይስ ኢፖክሲ?

የፎጣ መስቀያ ወይም መደርደሪያ ከመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ሲነሳ ሴራሚኩ ላይ ቀዳዳ ይቀራል። ስፋቱ አብዛኛውን ጊዜ 6 ወይም 8 ሚሊሜትር ስለሆነ ብዙ ሰው የመልክ ጉዳይ ብቻ አድርጎ ያየዋል። ትልቁ ጣጣ ግን ውኃው ነው። ሻወሩ በሚረጨው ግድግዳ ላይ ያለ ክፍት ቀዳዳ ውኃውን ከሴራሚኩ ጀርባ ያስገባል፤ ልስኑና ብሎኬቱ ይጠጡታል፤ ውሎ አድሮም በግድግዳው ሌላኛው ወገን ያለው ክፍል ቀለም አብጦ ይላጣል። ስለዚህ መድፈኛ ስትመርጡ ከዋጋው በፊት ቦታው ውኃ ይደርሰው እንደሆነ እዩ።

ነጭ ሲሚንቶ ከሦስቱ ርካሹ ነው፤ የትኛውም የሕንፃ መሣሪያ መደብር አያጣውም። ጥልቅ ቀዳዳ ለመሙላት ጎበዝ ነው። ነገር ግን ሲደርቅ ስለሚኮማተር በዙሪያው ስስ ስንጥቅ ሊፈጥር ይችላል፤ ውኃም ይመጥጣል። በሚያንጸባርቅ ሴራሚክ ላይ ደግሞ ፈዛዛ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ከመስታወት ጀርባ ወይም ውኃ በማይረጭበት በር አካባቢ ለሆነ ቀዳዳ ከዚህ የበለጠ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። ከመሙላታችሁ በፊት ቀዳዳውን በትንሹ አርጥቡት፤ አለዚያ ብሎኬቱ የሲሚንቶውን ውኃ ስቦ ሳይጠነክር ያደርቀዋል። ጀሶን ግን ለዚህ ሥራ አትግዙ። እርጥበት ሲያገኘው ይላላል።

ሲሊኮን ውኃ አያሳልፍም፣ ከመስታወት መሰል ገጽ ጋር በደንብ ይጣበቃል፣ ለመጠቀምም ቀላል ነው። ድክመቱ ለስላሳነቱ ነው፤ አቧራና የሳሙና ቅሪት ይይዛል፣ ሻጋታ ሲያገኘውም ይጠቁራል። ከገዛችሁ ለመታጠቢያ ቤት የተሠራና ሻጋታ የሚከላከል የሚል ጽሑፍ ያለበትን ምረጡ። ሌላም አለ፦ በሲሊኮን ላይ ቀለምም ሆነ ሌላ መድፈኛ አይይዝም። አንድ ጊዜ ከተጠቀማችሁ በኋላ ሐሳብ ብትቀይሩ በምላጭ ፍቆ ማውጣት ግድ ነው። እኔ ሲሊኮንን የምመርጠው ቀዳዳው ዳግም ሥራ ላይ ሲውል ነው፦ አዲስ ፊሸር (ቪቴው የሚገባበትን የፕላስቲክ መያዣ) ከማስገባታችሁ በፊት ጥቂት ጨምሩበት፣ ከዚያ ቪቴውን አጥብቁ። ውኃ መግቢያ ያጣል።

ሻወር ውስጥ ለሚታይ ቀዳዳ ምርጫዬ ኢፖክሲ ነው። በሁለት ቱቦ ይሸጣል፤ አንዱ ማጣበቂያው፣ ሌላው ማጠንከሪያው ነው። ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ አይኮማተርም፣ ውኃ አይመጥጥም፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ከሴራሚኩ ጋር እኩል ይሆናል፣ ቀለምም ይይዛል። ዋጋው ከሌሎቹ ይበልጣል፤ ሆኖም ለአንድ ቀዳዳ የሚያስፈልገው እጅግ ጥቂት ነው። ጥልቁን ሁሉ በኢፖክሲ መሙላት ብክነት ነው። ውስጡን በነጭ ሲሚንቶ ሙሉት፣ ከላይ 3 ሚሊሜትር ያህል ክፍት ተዉ፣ ሲሚንቶው በደንብ ሲደርቅ ይህችን በኢፖክሲ ዝጉ። እርጥብ ወይም ሳሙና የነካው ጠርዝ ላይ በደንብ ስለማይጣበቅ አስቀድማችሁ በአልኮል ጥረጉት። የሁለቱን ቱቦ መጠን ማሸጊያው እንደሚያዘው አመጣጥኑ፤ ማጠንከሪያው ካነሰ ሳይጠነክር እጅ ላይ የሚጣበቅ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። በአምስት ደቂቃ የሚይዝ የሚባለው ዓይነት ለጀማሪ እጅ ያስቸኩላል፤ ዘገምተኛው ይሻላል።

የትኛውንም ብትመርጡ አሮጌውን ፊሸር አስቀድማችሁ አውጡ። ቪቴውን ጥቂት ዙር አስገብታችሁ በፒንሳ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። እምቢ ካለ ከሴራሚኩ ገጽ ዝቅ እስኪል ወደ ውስጥ ግፉት እንጂ በመዶሻ አትታገሉት፤ የሴራሚኩ ጠርዝ ይሸረፋል።

ከቀዳዳው የተነሳ ስንጥቅ ወደ ጠርዙ ከሄደ መድፈኛ አይበቃውም፤ ሴራሚኩ መለወጥ አለበት። ያኔ ችግሩ ተመሳሳዩን ማግኘት ነው፤ አንድ ዓይነት ስም ያለው ሴራሚክ እንኳ በሌላ ጊዜ ሲመረት ቀለሙ ሊለይ ይችላል። ቤት ሲሠራ የተረፈ ካለ አትጣሉት።

ለቀለሙም ተጠንቀቁ። ነጭ የሚባለው ሁሉ አንድ ነጭ አይደለም፦ ወተት የሚመስል አለ፣ ወደ ግራጫ ያደላ አለ። መደብር ስትሄዱ የተሰበረ ቁራጭ ይዛችሁ በቀን ብርሃን አስተያዩ፤ ቁራጭ ከሌለ ጥቂት ቀብታችሁ ከመታጠቢያ ቤቱ መብራት ሥር እዩት። ኢፖክሲውን ከሞላችሁ በኋላ ቢያንስ 24 ሰዓት ሻወሩን አትክፈቱ።