ጥቁር የወሎ ኦፓል በኢንተርኔት ጨረታ ልትገዙ ነው? ቆይ፣ መጀመሪያ ይህንን አንብቡ

እናቴ የወሎ፣ የደላንታ ልጅ ናት። ልትጠይቀኝ ሜሪላንድ ስትመጣ፣ ከአገሯ መሬት የወጣ ፈርጥ ያለው ቀለበት ላደርግላት ፈለግኩ። በ2008 እ.ኤ.አ. እዚያው ደላንታ፣ ወገል ጤና አካባቢ ኦፓል የሚባለው የከበረ ድንጋይ ከተገኘ ወዲህ «የወሎ ኦፓል» በዓለም ገበያ ስም አለው። እኔም እሱ ያለበት ቀለበት አንድ የኢንተርኔት ጨረታ ላይ አገኘሁ። «ጥቁር የወሎ ኦፓል፣ 14 ካራት፣ ግምቱ 1,800 ዶላር፣ መነሻ ዋጋ 1 ዶላር» ይላል። ደስ አለኝ፣ ገባሁበት።

ሊዘጋ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው 90 ዶላር ላይ ነበርኩ። አንድ ሰው ጨመረ፣ እኔም ጨመርኩ። መጨረሻ ላይ ዋጋ በተሰጠ ቁጥር ሰዓቱ ይራዘማል። ሰውየው አይለቅም፣ እኔም እልህ ያዘኝ። በ210 ዶላር «አሸነፍኩ»። ያ ተጫራች የውሸት ነበር ለማለት ማስረጃ የለኝም። ግን እንዲህ ያለው ነገር ይደረጋል። በ2007 እ.ኤ.አ. የኒውዮርክ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ አንድ በኢንተርኔት ጌጣጌጥ የሚያጫርት ድርጅት 400,000 ዶላር እንዲከፍል ያደረገው፣ የራሱን ሠራተኞች እያጫረተ ዋጋ በማስወጣቱ ነው።

ሒሳቡ ሲመጣ ደግሞ 210 አይደለም። ገዢው ለአጫራቹ የሚከፍለው 22 በመቶ ኮሚሽን አለ። ማጓጓዣ 25 ዶላር፣ ታክስም አለ። ተደምሮ ወደ 297 ዶላር ሆነ። ኮሚሽኑ ደንቡ ላይ ተጽፏል፣ እኔ ግን የፈለግኩትን ዋጋ ብቻ እያየሁ አለፍኩት። እናንተ ዋጋ ከመስጠታችሁ በፊት እሱን ደምሩ። «ግምቱ 1,800» የሚለውን ደግሞ ከቁጥር አታስገቡት፤ ሻጩ ራሱ የጻፈው ነው።

ቀለበቱ ለእማዬ ሰፋት። ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ሐበሻ ወርቅ ሠሪ ጋ ለማስጠበብ ወሰድኩት። ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ገለበጠው፣ ዝም አለ፣ ከዚያ «እህቴ፣ ስንት ገዛሽው?» አለኝ። ሆዴ ቡጭ አለ። የቀለበቱን ውስጥ አሳየኝ። 925 የሚል ማኅተም አለው። ብር ነው! ጠርዙ ላይ ቅቡ ተፍቆ ነጩ ይታያል። ቤት ገብቼ የሽያጭ መግለጫውን እስከ ታች ሳነበው «ቨርሜይ» የሚል ቃል አገኘሁ። ወርቅ የተቀባ ብር ማለት ነው። 14 ካራቱ ቅቡ ብቻ ነው።

እውነተኛ 14 ካራት ወርቅ ላይ 585 ወይም 14 ኬ ተብሎ ይታተማል፤ 18 ካራት 750፣ 21 ካራት 875 ነው። ከካራቱ ቀጥሎ የጂ እና የፒ ፊደላት ካሉ ቅብ ነው። ማኅተሙም ሊዋሽ ስለሚችል ብቻውን አያስተማምንም። ሌላው፣ እኛ ለወርቁ ጥራትም ለፈርጡ ክብደትም «ካራት» ነው የምንለው። «3 ካራት» ብሎ ስለ ፈርጥ ሲጽፍ የድንጋዩ ክብደት ነው፤ አንዱ ካራት 0.2 ግራም ብቻ ነው። ወርቅ ቤት ስንገባ ሚዛኑ ፊታችን ነው፣ በዓይናችን አይተን ነው የምንከፍለው። ጨረታ ላይ ግን ያለን ፎቶ ብቻ ነው። ስለዚህ የማኅተሙን ፎቶ፣ የወርቁንም ክብደት ከፈርጡ ለይቶ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። ካልላከ ተዉት።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን ድንጋዩ ነው። የወሎ ኦፓል ብዙውን ጊዜ ውሃ ይጠጣል። (ነጩ ያላችሁ፣ ዕቃ አጥባችሁ መስታወት ቢመስል አትደንግጡ፣ ሲደርቅ ይመለሳል። ቅባትና ሽቶ ግን አታስነኩት።) ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ጭስም ቀለምም ይጠጣል። ፈዛዛውን በጭስ ያጠቁሩትና እንደ አውስትራሊያው ውድ ጥቁር ኦፓል ያስመስሉታል። ወርቅ ሠሪው መነጽሩን ሰጠኝ። ጥቁረቱ በጥቃቅን ቀዳዳዎቹና በስንጥቆቹ ውስጥ ነጠብጣብ ሆኖ ተጠራቅሟል። ከጀርባው አንዲት ጥግ ተሸርፋለች፣ ውስጧ የወተት ቀለም ነው። በተፈጥሮው ጥቁር የሆነም ከወሎ ይወጣል። በጭስ የተጠቆረውንም «በጭስ የተጠቆረ ነው» ብሎ በሚሸጥ ሰው ላይ ችግር የለብኝም። ለእኔ የሸጠልኝ ግን እንዲህ አላለም።

ገንዘቤን ስጠይቅ «እንዳለ ነው የሚሸጠው፣ አይመለስም» አሉኝ። ደግነቱ የከፈልኩት በክሬዲት ካርድ ነው። አሜሪካ ያላችሁ፣ ዕቃው እንደተነገረው ካልሆነ ሒሳቡ በወጣ በ60 ቀን ውስጥ ለካርዱ ባንክ በጽሑፍ አመልክቱ። ጨረታው እንዳለቀ ገጹ ሊጠፋ ስለሚችል ገና ሳትጫረቱ ስክሪኑን ፎቶ አንሱ። እኔ ስድስት ፎቶ፣ የወርቅ ሠሪውንም የጽሑፍ ምስክርነት አያይዤ ልኬያለሁ። መልሱን እየጠበቅኩ ነው፤ ሲመጣ እነግራችኋለሁ።