ደሴ ላይ በ900 ብር የሚሸጠውን የእንግሊዝኛ ጥራዝ ከመግዛታችሁ በፊት

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ሥራ ፈላጊዎች፣ ልጅ የምታስተምሩ ወላጆችም፣ ይቺን አንብቡልኝ። ሰሞኑን ፒያሳ አካባቢ ለሥራ ቃለ መጠይቅ የሚሆን እንግሊዝኛ እየተባለ የሚሸጥ ጥራዝ አለ። በላስቲክ የታሸገ ነው። ዋጋው 900 ብር። አብሮት የቴሌግራም ግሩፕ አለ፣ ሲያልቅ ደግሞ ሰርተፍኬት ይሰጣል ተብሏል። ለታናሽ ወንድሜ ገዛሁለት። እናንተ እንዳትገዙ።

ሻጩን በስም አልጠራም። ውስጡ ያለውን ግን ልንገራችሁ። እኔ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ አንድ ገጽ ባይ ኖሮ ገንዘቤን አላወጣም ነበር። ላስቲኩን ልክፈተው ስለው «መጀመሪያ ክፈይ» አለኝ። ቸኩዬ ስለነበር ከፈልኩ።

አንዱ ገጽ ላይ ስታይፍል፣ ስማዘር፣ ሳፎኬት፣ ሰፕረስ፣ ሪስትሬይን፣ ሪፍሬይን፣ ከርብ፣ ስትራንግልና መፍል ተደርድረዋል። ለዘጠኙም የተሰጠው ትርጉም አንድ ነው፦ «ማፈን»። አንድም ዓረፍተ ነገር የለም። ወንድሜ ግን አምኖ ሸመደደው።

ከዚያ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ለቃለ መጠይቅ ጠራው። ሥራው የፈረቃ ተቆጣጣሪ ነበር። «የተቆጣ ሠራተኛ ሌላውን ሊመታ ቢነሳ ምን ታደርጋለህ?» ብለው በእንግሊዝኛ ጠየቁት። «ሳፎኬት አደርገዋለሁ» አለ። አየር አሳጥቼ እገድለዋለሁ ማለት ነው። ጠያቂዎቹ ዝም አሉ። ሊል የፈለገው ሪስትሬይን ነበር፤ ይዤ አቆመዋለሁ፣ እገታዋለሁ። ማታ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ቤት ሲደርስ ፊቱ ጠቁሮ ነበር። «አብሽር» ከማለት ሌላ የምለው አጣሁ።

እነዚህ ቃላት ዘመድ ናቸው፤ አንድ ግን አይደሉም። እኛም እኮ ሁሉንም «ማፈን» አንልም። ሳቅ እንውጣለን፣ ፈረስ እንገታለን፣ አንገት እናንቃለን። እንግሊዝኛውም እንደዚያው ነው።

ስማዘር ከጭስ የመጣ ቃል ነው። ድሮ የሚያፍን ጥቅጥቅ ያለ ጭስ ማለት ነበር። ዛሬ አንድን ነገር ከላይ ሸፍኖ አየር መንሳት ነው። ምጣዱ ላይ ዘይት ቢቀጣጠል በክዳን ትከድኑታላችሁ፤ እሱ ስማዘር ነው። እናቶቻችን ማታ ፍሙን በአመድ ሲዳፍኑት ግን ሌላ ነው። ዳፍነው የሚያድሩት ለጠዋት እንዲቆይላቸው ነው። ስማዘር የተደረገ እሳት ለጠዋት አይተርፍም። ቃሉ ለፍቅርም ይሆናል። ልጇን በእንክብካቤ ብዛት መፈናፈኛ የምታሳጣ እናት ስማዘር ታደርገዋለች ይባላል። ወጥ የፈሰሰበት ዶሮም ስማዘርድ ነው። ይህን ሁሉ ጥራዙ በአንድ ቃል ዘጋው።

ስታይፍል ሊወጣ ያለን ነገር መዋጥ ነው። ስብሰባ መሃል የመጣ ማዛጋት፣ ለቅሶ ቤት ሊያመልጥ ያለ ሳቅ። የገበያ ውድድርን ወይም የልጅን የፈጠራ ችሎታ እንዳያድግ ማቀጨጭም ስታይፍል ነው። ሰፕረስ ከላቲን የመጣ ሲሆን መሠረቱ ወደ ታች መጫን ነው። አመፅ፣ ማስረጃ፣ ሳል ሰፕረስ ይደረጋሉ። ስትራንግል አንገት ይዞ ማነቅ ነው። መፍል ድምፅን ሸፍኖ ማደብዘዝ ነው። የባጃጅና የመኪና ማርሚታን አሜሪካኖች መፍለር የሚሉት ለዚህ ነው።

ከርብን ለብቻው ላንሳው፣ ለሥራ ፈላጊ በጣም ይጠቅማልና። ድሮ በፈረስ አገጭ ሥር የሚያልፍ የልጓም ማሰሪያ ነበር። ዛሬ ወጪን፣ ብክነትን፣ የዋጋ ንረትን መግታት ማለት ነው። ፋብሪካ ውስጥ ብክነት እቀንሳለሁ ለማለት ሁነኛ ቃል ነው። እኛም «ገታ» የምንለው መጀመሪያ ለፈረስ ስለሆነ ወሎ ላደገ ሰው አይከብድም። ጥራዙ ይህን አንድ መስመር ቢጽፍ ምን ነበረበት?

በጣም ያናደደኝ ግን ሪፍሬይን ነው። ሪስትሬይን ሌላውን ሰው መያዝ ነው። ሪፍሬይን ራስ መቆጠብ ነው፤ ሌላ ሰው ላይ አያርፍም። «ሪፍሬይን ፍሮም ስሞኪንግ» ብለው ግድግዳ ላይ ሲለጥፉ፣ ከማጨስ ተቆጠቡ ማለታቸው ነው። «ሠራተኛውን ሪፍሬይን አደረግኩት» አይባልም። ይህን የማይለይ ጥራዝ ፈተና ላይ ነጥብ ያስጥላል።

ዊዝሆልድ ደግሞ ጭራሽ የለበትም። ደሴ ያለ ነጋዴ ሁሉ ዊዝሆልዲንግ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ከክፍያ ላይ ተይዞ የሚቀር ግብር ነው። ክፍያን፣ መረጃን፣ ፈቃድን ሳይሰጡ መያዝ ዊዝሆልድ ነው። ሲጻፍ ኤች ፊደል ሁለት ጊዜ ይገባበታል፣ ሁለቱም መሃል ላይ ተከታትለው ይቆማሉ። ብዙ ተማሪ አንዷን ይዘላል።

ገንዘቤን ልመልስ ብዬ ሄጄ ነበር። «ላስቲኩ ተቀድዷል» አለኝ። ደረሰኝ ስጠኝ ስለው ደረሰኝ የለም። ቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ ስለ ሪፍሬይን ብጠይቅ ጥያቄዬን አጥፍተው አስወጡኝ።

ስለዚህ ማንኛውንም የቋንቋ መጽሐፍ ስትገዙ ከመክፈላችሁ በፊት ግለጡት። ለእያንዳንዱ ቃል ቢያንስ አንድ ዓረፍተ ነገር ከሌለ መልሱለት። ሻጩ ቢቆጣ አትፈሩ። በአዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ዕቃ ስላያችሁ ወይም ዋጋ ስለተከራከራችሁ እንድትገዙ አትገደዱም፤ ነጋዴውም ደረሰኝ መስጠት አለበት። ስልካችሁ ላይ ኢንተርኔት ካለ ደግሞ ለተማሪ ተብለው የተዘጋጁ፣ ምሳሌና ድምፅ ያላቸው መዝገበ ቃላት በነጻ ይገኛሉ።

ወንድሜ ሌላ ቃለ መጠይቅ ሊጠራ ይችላል። ማታ ማታ አብረን እየተቀመጥን ለእያንዳንዱ ቃል ከራሱ ሥራ ዓረፍተ ነገር እንሠራለን። ያችን ገጽ ፎቶ አንስቻታለሁ። ጥራዙን ሊገዛ ያሰበ ካለ ይጻፍልኝ፣ እልክለታለሁ።