ከደሴ ፒያሳ የገዛናቸው ቀይ ኢንሱሌተሮች

ኮምቦልቻ ለአንድ የዱቄት ፋብሪካ ዋናውን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ፓነል ስንሠራ፣ ባስባሮቹን (ከረንት የሚያስተላልፉትን ጠፍጣፋ የብረት ዘንጎች) ከፓነሉ አካል ነጥለው የሚደግፉትን ኢንሱሌተሮች የገዛነው ደሴ ፒያሳ ካለ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ነው። ቀዩ፣ ከበሮ መሳዩ፣ ቁመቱ 51 ሚሊሜትር የሆነው ነው፤ ኤስኤም-51 የሚሉት።

ባለሱቁ ሐጂ ዕቃቸውን ሲያሞግሱ፣ «ወንድምዓለም፣ ይኼ እኮ ስንት ሺህ ቮልት ይችላል!» አሉኝ። ልክ ናቸው። ግን 400 ቮልት ፓነል ውስጥ ቮልቴጅ መቻል ምን ይገርማል? እኔን ያስጨነቀኝ ጉልበቱ ነው።

የፋብሪካው ትራንስፎርመር አቅሙ 630 ኬቪኤ፣ ኢምፒዳንሱ (ሾርት ሲፈጠር ከረንቱን የሚገድበው የራሱ መቋቋሚያ) 4 በመቶ ነው። በደህና ቀን የሚሰጠው 900 አምፔር ገደማ ነው። እዚያው አጠገቡ ሾርት ቢፈጠር ግን ወደ 23 ሺህ ይዘላል፤ የመጀመሪያው ምት ጫፉ 48 ሺህ ገደማ ይደርሳል። ባሮቹ 10 ሳንቲ ሜትር ተራርቀው ከቆሙ በየሜትሩ ወደ 400 ኪሎ የሚጠጋ ኃይል ያርፍባቸዋል። ከረንቱ እጥፍ ቢሆን ደግሞ ኃይሉ አራት እጥፍ ነው።

ቅሬታዬ እዚህ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዕቃው ወደ ላይ ሲጎተት የሚችለው ብቻ ነው። ጎን ለጎን የተዘረጉ ባሮች ግን ሾርት ሲመጣ የሚገፉት ወደ ጎን ነው፤ ኢንሱሌተሩን ሊያጥፉት፣ ከእግሩ ሊነቅሉት። ስለዚያ አንዲት ቁጥር የለችም! አምራቹ ይህን መደበቁ አልተዋጠልኝም። ስለዚህ በ60 ሳንቲ ሜትር ልንተክላቸው ያሰብናቸውን በ30 አድርገናቸዋል፤ የእያንዳንዱ ድርሻ በግማሽ ቀነሰ። ባሩንም በጠርዙ ሳይሆን ተኝቶ እንዲያርፍ አድርገናል፣ ኃይሉ ከፍ ካለ ቦታ ገፍቶ ኢንሱሌተሩን እንዳይፈነቅለው።

የቀዩ ኢንሱሌተር አካል የመስታወት ክር የተቀላቀለበት ፖሊስተር (ጠንካራ ፕላስቲክ) ነው። ከሸክላ የሚሠራው ሌላው ዓይነት ግፊት ይችላል፣ መታጠፍ ግን አይወድም፤ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው በሐረጎ ቁልቁለት ተጭኖ ሲወርድም ጠርዙ ይሸራረፋል። ቀዩ አንድም አልተጎዳ። ቡሎን የሚታሰርበት የነሐስ ጥርሱም ሲጠብቅ አልዞረም። ረጅም ቡሎን ብቻ አታስገቡበት፤ መጨረሻው ድፍን ስለሆነ ቡሎኑ ከታች ሲነካ ነሐሱን ገፍቶ ያወጣዋል።

ደሴ ላይ ለምትሠሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ የፓነል ስታንዳርዱ የተለመደው ከፍታ እስከ 2000 ሜትር ነው፣ ደሴ ደግሞ ያንን ታልፋለች። ስስ አየር ኤሌክትሪክን የመከልከል አቅሙ ያነሰ ነውና የባሮቹን ርቀት አታጣቡ።

ለ630 ኬቪኤ ትራንስፎርመር በድጋሚ እገዛዋለሁ። ለ1250 ኬቪኤ ግን የጎን ጉልበቱን የሚያሳይ ወረቀት ካላመጡልኝ አልነካውም።

ሐጂ ደረሰኝ ይሰጣሉ፣ ካርቶን አስከፍተው አንድ በአንድ ያስመርጣሉ፣ የተሰነጠቀ ካለ ይቀይራሉ። አርብ ለጁምዓ ስለሚዘጉ በጠዋት ሂዱ።