ታንከር ውስጥ ሰው ከማስገባታችሁ በፊት ይሄን ልጅ ጥሩት

ጀመዓ ሰላም ናችሁ? ድሬም ሐረርም ያላችሁ፣ ፋብሪካ ወይ ዲፖ ያላችሁ፣ ትልቅ የውሃ ወይ የዘይት ታንከር ያላችሁ ሰዎች ይሄን አንብቡልኝ፣ ረዘም ይላል ግን ይጠቅማችኋል። የታንከር ውስጥ በድሮን የሚያይ አንድ የድሬ ልጅ ላመሰግን ነው። ስሜን አትጻፍ ስላለኝ አልጽፍም፣ የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ አገናኘዋለሁ።

እኔ ጥገና ክፍል ነው የምሰራው። ግቢያችን ውስጥ የምግብ ዘይት የሚጠራቀምባቸው የላሜራ ታንከሮች አሉ፣ አንደኛው ባዶውን ተዘግቶ ብዙ ጊዜ የቆየ ነው፣ እና መልሰን ልንሞላው ስለሆነ ውስጡ ምን እንደሚመስል ማየት ነበረብን። እንዲህ አይነት ስራ በየግቢው እንዴት እንደሚሰራ ታውቃላችሁ፣ ቀጠን ያለ የቀን ሰራተኛ ይፈለጋል፣ ወገቡ ላይ ገመድ ይታሰራል፣ ባትሪ ይዞ በማንሆሉ (በመግቢያ ቀዳዳው) ይገባል፣ ሲወጣ "ትንሽ ዝጓል ጋሼ" ይላል፣ አለቀ፣ ተመረመረ ተብሎ ይጻፋል። ሌላው አማራጭ ውስጡ ስካፎልዲንግ (መወጣጫ ርብራብ) አቁሞ ከታች እስከ ላይ ማየት ነው፣ የጠየቁንን ዋጋ ስነግረው አለቃዬ መልስ እንኳን አልሰጠኝም፣ ስልኩን ዘጋው።

ከዚራ ሰፈር ሻይ እየጠጣን ነው አንድ ጓደኛዬ ስለዚህ ልጅ ያወራልኝ፣ መርከብ ላይ ይሰራ ነበር፣ አሁን ድሮን ታንከር ውስጥ ያስገባል አለኝ። ድሮን ሲባል እኛ የምናውቀው ሰርግ ላይ ከላይ የሚዞረውን ነው። ልጁ ግን መካኒካል ተምሮ፣ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ የማሪታይም ስልጠናውን ወስዶ፣ የውጭ መርከብ ላይ ኢንጂነር ሆኖ የሰራ ነው። መርከባቸው ለጥገና ዶክ በገባበት ጊዜ የባላስት ታንክ በድሮን ሲታይ አይቶ ነው ስራውን የወደደው። የባላስት ታንክ ማለት መርከቡ ጭነት ሳይኖረው ሚዛኑን እንዲጠብቅ የባህር ውሃ የሚሞሉት ቦታ ነው፣ ጨለማ፣ በብረት የተከፋፈለ፣ ሰው በጠባብ ቀዳዳ እየተሽሎከለከ የሚያልፍበት። ባህር የሌለን ሰዎች ከዚህ ምን አገባን ትሉ ይሆናል፣ ቆይ እመጣበታለሁ።

የመጣው ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ከዚያ ካለፈ የድሬ ጸሀይ ላሜራውን ያግለዋል፣ የድሮኑም ባትሪ ሙቀት አይወድም። የሁላችንም ዓይን የድሮኑ ሻንጣ ላይ ነው፣ ጥበቃዎቹ ሳይቀሩ ስልካቸውን አውጥተው ቪዲዮ ሊቀርጹ ተሰብስበዋል፣ እሱ ግን ሻንጣውን አልከፈተም። መጀመሪያ ያወጣው ጋዝ መለኪያ ነው። በማንሆሉ ቱቦ እያስገባ ከላይ፣ ከመሀል፣ ከታች ለካ። ንጹህ አየር ላይ ኦክስጅን 20.9 ፐርሰንት ይላል፣ ከ19.5 ከወረደ መግባት የለም፣ የኛው ታንከር ታች ላይ 18 ውስጥ ገባ። የኛ በያጅ "ኧረ አቦ ባዶ ታንከር እኮ ነው፣ ዘይት እንኳን የለው" ሲለው የመለሰለት መልስ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፣ "ባዶ አይደለም ጋሼ፣ ዝገት አለበት፣ ዝገት ማለት ብረቱ ኦክስጅኑን እየበላ ነው" አለው። እርጥብ ብረት ተዘግቶ ሲቀመጥ የሚሆነው ይሄ ነው፣ ሽታ የለው፣ መልክ የለው፣ ሰውዬው ትንሽ ራሱን ያዞረውና ይወድቃል።

መርከብ ላይ ስንት ሰው በዚህ እንደሞተ ሲያወራ ነው የገባኝ። ባላስት ታንክ ብቻ አይደለም አለ፣ የድንጋይ ከሰል፣ የእንጨት ግንድ፣ እህል የተጫነበት ክፍልም ተዘግቶ ሲቆይ አየሩን ይበላዋል። አንዱ ገብቶ ይወድቃል፣ ጓደኛው ላውጣው ብሎ ይገባል፣ ሶስተኛው ይከተላል። በዚህ ምክንያት የዓለም አቀፉ የባህር ድርጅት እ.ኤ.አ ከ2015 ጀምሮ መርከበኞች በየ2 ወሩ የመግባትና የማውጣት ልምምድ እንዲያደርጉ አስገድዷል፣ እ.ኤ.አ ከጁላይ 2016 ወዲህ ደግሞ እያንዳንዱ መርከብ የራሱ ጋዝ መለኪያ ሊኖረው ግድ ነው። ኦክስጅን፣ የሚቀጣጠል ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ፣ አራቱንም። እኛስ? የውሃ ጉድጓድ ውስጥ ጄኔሬተር አስገብተው ወንድማማቾች ተከታትለው ያለቁበትን ወሬ ያልሰማ አለ እንዴ? እዛ የሚገድለው የጄኔሬተሩ ጭስ ነው እንጂ አወዳደቁ ያው እኮ ነው፣ አንዱ ሌላውን ላውጣ ብሎ ይከተላል።

ኦክስጅኑ አንሶ ስላየ ድሮኑን አስገባ ስንለው አሁንም እምቢ አለ። ድሮን አይተነፍስ ምን ይሆናል ብለን ስንከራከረው፣ ሞተሩም ባትሪውም ብልጭታ ሊፈጥር ይችላል፣ ይሄ ድሮን ፈንጂ ጋዝ ላለበት ቦታ የተሰራ አይደለም፣ የሚቀጣጠለው ጋዝ ዜሮ መሆኑን ሳላይ አላስገባም አለ። የምግብ ዘይት ምን ይፈነዳል ለምትሉ፣ ሄክሴን በሚባል ተቀጣጣይ ኬሚካል ከፍሬው የወጣ ድፍድፍ ዘይት ከሆነ ትራፊው ጋዝ ሊኖር ይችላል። ለካ፣ ዜሮ ሆነ፣ ጻፈው፣ እኔንም አስፈረመኝ። ደሞ የድሮኑን ፈቃድ ሳንጠይቀው ነው ከነወረቀቱ ያሳየን። ከዚያ በኋላ ነው ሻንጣው የተከፈተው።

ድሮኑ ኤሊዮስ 2 ይባላል፣ ፍላያቢሊቲ የሚባል የስዊዘርላንድ ኩባንያ ስራ ነው። ዙሪያውን በክብ አጥር የታጠረ ነው፣ ግድግዳ ቢነካ ገጨት አድርጎ ይመለሳል እንጂ አይወድቅም። ብረት ውስጥ ጂፒኤስ አይሰራም፣ ስለዚህ ራሱን የሚያረጋጋው በራሱ ሴንሰር ነው። አንድ ባትሪ 10 ደቂቃ ገደማ ነው የሚቆየው፣ ሻንጣ ሙሉ ባትሪ ነው ይዞ የሚዞረው። እኔን የገረመኝ መብራቱ ነው ዋላሂ። ፊት ለፊት ብቻ ሲበራ ግድግዳው ሁሉ አንድ አይነት ደህና ይመስላል፣ ከጎን ሲያበራው ግን ዝገቱ የቆፈረው ጉድጓድ ሁሉ ጥላ ጥሎ ቁጭ አለ። በያጃችን ስክሪኑ ላይ ተደፍቶ "እዚህ ጋ ተመለስ፣ እዛ ጋ ቁም" እያለ እሱ ራሱ ኢንስፔክተር ሆነ፣ ጠዋት የሳቀበትን ሁሉ ረሳው።

ያገኘነው ነገር ከታች ሳይሆን ከላይ ነው፣ ጣሪያው ስር። ዘይት የማይነካው፣ ላቦት የሚቋጠርበት ቦታ ላይ ቀለበት ሆኖ ዞሮ በልቶታል፣ አንድ ቦታ የብየዳው መስመር ተከፍቷል። ባትሪ የያዘ ሰው ታች ቆሞ ይሄን በፍጹም አያየውም። መርከብ ላይም ችግሩ እሱ ነው አለ፣ መርማሪው ብረቱን በእጅ ሊነካው በሚችልበት ርቀት ቀርቦ ማየት አለበት፣ በየ5 ዓመቱ ትልቁ ምርመራ ሲመጣ ለዚህ ሲሉ ስካፎልዲንግ ያቆማሉ፣ አንዳንዴ ታንኩን በውሃ ሞልተው በጎማ ጀልባ እየተንሳፈፉ ነው ጣሪያውን የሚያዩት። አሁን ግን እንደ ሎይድስ ሬጅስተርና ዲኤንቪ ያሉት የመርከብ መርማሪ ድርጅቶች በድሮን የታየውንም ይቀበላሉ።

እኔ ልጁን በጣም ያከበርኩት ግን ቀጥሎ ባለው ነው። አለቃዬ ቪዲዮውን አይቶ ተደስቶ "በቃ ጨረስን፣ ሰርተፊኬት ጻፍልን" ሲለው "አልጽፍም" አለው። ድሮኑ ዓይን ነው፣ የላሜራውን ውፍረት አልነገረኝም፣ ጭቃ የሸፈነውንም ወለል አላየሁም አለ። (ውፍረት የሚለካ መሳሪያ የሚሸከሙ አዳዲስ አሉ፣ የሱ ግን አይሸከምም፣ አልደበቀንም።) ከውጭ ሆኖ ውፍረቱን በአልትራሳውንድ (በድምፅ ሞገድ) የሚለካ ሰው አምጡ ብሎ የት የት እንደሚለካ በቾክ ምልክት አድርጎልን ሄደ። አስለካን፣ ምልክት ያደረገበት ቦታ እውነትም ሳስቶ ተገኘ። ተራ ነጋዴ ቢሆን ወረቀቱን ጽፎ ብሩን ተቀብሎ ይሄድ ነበር አቦ።

ጥገናው ሲደርስ ሰው መግባቱ አልቀረም፣ ድሮን አይበይድም። ግን ያኔ የት እንደሚሄድ ታውቆ ነው፣ ብሎወር (አየር የሚነፋ ማሽን) ተገጥሞ፣ አየሩ እንደገና ተለክቶ፣ በር ላይ ሌላ ስራ የማይነካ ሰው ቆሞ። ይሄን ሁሉ እሱ ነው በስልክ እየደወለ የመራን፣ ለስልኩ አላስከፈለንም።

እንከን የለበትም አልልም። ሪፖርቱ ዘገየ፣ ደሞ ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ለበያጁ ቁጭ ብዬ ማስረዳት ነበረብኝ። ከሰዓት ከደወላችሁለትም አያነሳም፣ የድሬ ልጅ ነው ከምሳ በኋላ የት እንደሚሆን ታውቃላችሁ 😄 ጠዋት ደውሉ። ዋጋው እንደ ስራው ስለሆነ እዚህ አልጽፍም፣ ከስካፎልዲንጉ ግን በጣም ነው ያነሰው።

የምትጠሩት ካላችሁ ከመምጣቱ በፊት ታንከሩን ባዶ አድርጉ፣ ከሌላ መስመር ጋር የሚያገናኙትን ቫልቮች ዝጉና ቆልፉ፣ ውስጡ ምን እንደነበረ በትክክል ንገሩት፣ የማንሆሉንም ብሎን ሳትፈቱ አትጠብቁት፣ ያን ቀን ግማሽ ጠዋታችን የዛገ ብሎን ስንታገል ነው ያለፈው። የዱቄት ወይም የእህል ሳይሎ (ማጠራቀሚያ ጎተራ) ከሆነ አስቀድማችሁ ንገሩት፣ ፕሮፔለሩ አቧራውን ያስነሳዋል፣ አቧራው ደግሞ ማየት መከልከል ብቻ ሳይሆን ሊቀጣጠልም ይችላል፣ አይቶ እምቢ ሊላችሁ ይችላል። ሐረር ያላችሁም ይመጣል፣ ትራንስፖርቱን ግን እናንተ ቻሉ።

ወንድሜ፣ ይሄን እንደምታነበው አውቃለሁ፣ እጅህ ይባረክ፣ አቦ ይመችህ። ሁለተኛው ታንከር ከበዓሉ በኋላ ይከፈታል፣ ብሎኑን አሁኑኑ ዘይት ቀብተነዋል።