ሦስት ቦት በሦስት ፈረቃ

አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት አለችኝ። ደንበኞቼ በብዛት የካምፓስ ተማሪዎች ናቸው። ጥራዛቸው እስኪያልቅ ስልካቸውን አውጥተው ቼዝ ይጫወታሉ። ጥግ ላይ ሥራ ፈትታ የተቀመጠች አሮጌ ላፕቶፕ ነበረችኝና የእነሱ ተጋጣሚ አደረግኳት። ሥራውን የሚሠራልኝ ሊቼስ-ቦት የሚባል ፕሮግራም ነው። በፓይተን የተጻፈ ነው፤ ጊትሃብ ላይ በነፃ ይገኛል። የቼዝ ኢንጂንን፣ ማለትም እርምጃ አስልቶ የሚጫወተውን ፕሮግራም፣ ሰዎች በኢንተርኔት ቼዝ ከሚጫወቱበት ከሊቼስ ድረ ገጽ ጋር ያገናኛል።

ቦት፣ ማለትም በሰው ፈንታ የሚጫወት ፕሮግራም፣ ሲባል ፊታችሁ እንዳይጠቁር። ብዙ ጨዋታዎች ቦት ካገኙ አካውንቱን ይዘጋሉ፣ እሰየው ነው። ሊቼስ ግን ለቦት የተለየ አካውንት ይፈቅዳል፤ ስሙ አጠገብ ምልክት ይለጠፍበታል። አካውንቱ አንድም ጨዋታ ያልተጫወተበት መሆን አለበት። አንዴ ቦት ከሆነ በኋላ መመለስ የለም።

አካውንቶቼ ሦስት ናቸው፦ ደካማ፣ መካከለኛና ጨካኝ። ላፕቶፗ 4 ጊጋ ራም ብቻ ስላላት ይፈራረቃሉ። ፕሮግራሙ የራሱ የፈረቃ ሰሌዳ የለውም። ሊኑክስ ላይ በተቀጠረለት ሰዓት ትእዛዝ የሚያስኬደው ክሮን እያለ ግን ምን ያደርግልኛል? ለእያንዳንዱ አካውንት የራሱን ቶከን (የመግቢያ ቁልፍ) የያዘ ኮንፊግ ፋይል፣ ማለትም የቅንብር ፋይል፣ አዘጋጀሁ። ሰዓቱ ሲደርስ ክሮን አንዱን አስቁሞ ሌላውን ያስነሳል። ክሮን የኛን አቆጣጠር አያውቅም፤ የምሽቱን 1 ሰዓት 19 ብላችሁ ጻፉለት። ሰርቨር ተከራይታችሁ ከኛ ሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) የሚሄድ ከሆነ ደግሞ 16 ይሆናል።

ጨዋታ መሃል ፈረቃ ቢደርስስ? ፕሮግራሙን የወደድኩት እዚህ ላይ ነው። ኮንፊጉ ውስጥ፣ ውጣ ሲባል የተጀመሩ ጨዋታዎችን ጨርሶ እንዲወጣ የሚያደርግ ምርጫ አለ። ሲመጣ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፤ አብሩት። ከዚያ ክሮን የሚልከው ኮንትሮልና ሲ ስንጫን የሚሄደውን ያንኑ ምልክት ነው። ቦቱ የያዘውን ጨዋታ ይጨርስና ይወጣል። ተረኛው ደግሞ ቀድሞ እንዳይነሳ ኤፍሎክ በምትባል የሊኑክስ ትእዛዝ አስጠብቀዋለሁ። ረጅም ሰዓት የሚጠይቅ ግጥሚያን አልቀበልም ማለትም ይቻላል። እኔ ከ10 ደቂቃ በላይ ዘግቻለሁ፤ አለዚያ አንድ ሰው ፈረቃውን ታቅፎ ይቀመጣል።

ኢንጂን ስትመርጡ አትቸኩሉ። የማታው ጨካኝ ስቶክፊሽ ነው። ስቶክፊሽን ማዳከም ይቻላል፤ ከ0 እስከ 20 የሚሄድ የችሎታ መጠን አለው። ሲዳከም ግን አጨዋወቱ አይጥመኝም፤ እንደ ጌታ ሲጫወት ቆይቶ ድንገት ፈረሱን በነፃ ይሰጣችኋል። ስለዚህ ለጠዋትና ለከሰዓት ማያን አስገባሁ። ማያ ሊቼስ ላይ ሰዎች ከተጫወቷቸው ጨዋታዎች የተማረ ነው፤ ከ1100 እስከ 1900 ደረጃ የተዘጋጁ ሞዴሎች አሉት። ሲሳሳትም እንደ ሰው ነው የሚሳሳተው። ወደፊት አርቆ እንዲያሰላ ስለማይፈለግ ለአሮጌ ማሽን ይመቻል።

ሰላምታውንም ራሳችሁ ትጽፋላችሁ። የኔ ደካማው «እንኳን ደህና መጣህ፣ ጥራዝህ እስኪያልቅ እንጫወት» ብሎ ነው የሚቀበለው።

ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁሩን ተርሚናል ለሚፈራ ሰው አልመክርም። ቁልፍ ተጭኖ የሚከፈት መስኮት የለውም፤ ሁሉም ነገር በጽሑፍ ፋይል ነው። ለቀረው ሰው ግን ከዚህ የተሻለ ነፃ ነገር አላየሁም።

መብራት ሲሄድ ላፕቶፗ በባትሪ ትቀጥላለች፤ ዋይፋዩ ግን ይጠፋል። መብራት ሲመጣ ፕሮግራሙ ራሱ ተመልሶ ይገናኛል። እስከዚያ የጨዋታው ሰዓት መቁጠሩን አያቆምም፤ ተማሪው ደግሞ በሞባይል ዳታ ነው ያለው። አንድ የፊዚክስ ተማሪ ስቶክፊሽን ያሸነፈው እንደዚያ ነው። ስክሪንሹቱን እስካሁን ለሰው ሁሉ ያሳያል፤ ስለ መብራቱ ግን ትንፍሽ አይልም።