ድብርቱን የት ይታከም? እዚያው ኤችአይቪ ክሊኒክ ወይስ በሪፈር?

አትላንታ የሚኖር፣ ቫይረሱ በቅርቡ የተገኘበት የ22 ዓመት ጥቁር ወጣት እናስብ። የሚያፈቅረው ወንድ ነው፤ ቤተሰቡ አያውቅም። የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2016 ባወጣው ግምት፣ የስርጭቱ መጠን ካልተቀየረ እንደ እሱ ወንድ ከሚያፈቅሩ ሁለት ጥቁር ወንዶች አንዱ በዕድሜ ዘመኑ ቫይረሱ ይገኝበታል።

እዚያው ክሊኒክ፦ አንድ ቀጠሮ፣ አንድ የአውቶቡስ ጉዞ። ደም እስኪቀዳ ዘጠኝ ጥያቄ ያለበት የድብርት ቅጽ ይሞላል። የመጨረሻው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ነው፤ እዚያ ላይ ምልክት ካደረገ አማካሪው ያኔውኑ ከጎን ክፍል ይጠራል። ማንን እንደሚያፈቅር ለማያውቀው ሰው ከሀ ጀምሮ ማስረዳት የለበትም። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው። መዝገቡም አንድ ስለሆነ የመድኃኒት ግጭት ቶሎ ይታያል፤ ለምሳሌ ለሚጥል በሽታና ለባይፖላር የሚሰጠው ካርባማዜፒን፣ የኤችአይቪ መድኃኒት የሆነውን የዶሉቴግራቪርን መጠን በደም ውስጥ ይቀንሳል።

ሪፈር፦ ሌላ ምዝገባ፣ ሌላ ወረፋ። ብዙ ሰው ወረቀቱን ኪሱ ከትቶ ይቀራል። ግን ባይፖላር (ስሜት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ወይም ሳይኮሲስ (ከእውነታው መራቅ) ከሆነ አማካሪ ብቻ አይበቃም፤ ሳይካትሪስት፣ ማለትም የአእምሮ ሐኪም ያስፈልጋል።

ወጪ፦ ከ1990 ጀምሮ ያለው፣ ቫይረሱ ላለባቸውና አቅም ለሌላቸው የሚከፍለው የአሜሪካ መንግሥት የራያን ኋይት ፕሮግራም የአእምሮ ጤናንም ይደግፋል። በሪፈር ወደ ውጭ ከሆነ ግን ተቀባዩ ክሊኒክ ያንን ክፍያ መቀበሉን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

ገና ለጀመረ፣ ቀጠሮ ለሚያመልጠው፣ ድብርቱ መለስተኛ ለሆነ እዚያው ይሻላል። መጠበቂያ ክፍሉ ውስጥ የሰፈሩን ልጅ እንዳያገኝ ለሚሰጋ ደግሞ ሪፈሩ፣ ያውም አብሮት የሚሄድ ሰው ተመድቦለት።